ጋሽ ሙሉጌታን ያጸዳሁ ዕለት

«ስሜን ፋቅሽው አይደል፣ ዘነበች? በቁሜ፣ አበልጅሽን።»

ጋሽ ሙሉጌታ ይህን ያሉት ከቦዳ ቦዳው፣ ከሞተር ታክሲው፣ ወርደው፣ የጫማቸውን አቧራ እንኳ ሳያራግፉ ነው። አክስቴ ዘነበች ደግሞ፣ የአንተን ስም የት አግኝቼው ነው የምፍቀው፣ እያለች ትመልሳለች። እኔ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ እመኛለሁ። ወለሉ ግን ሲሚንቶ ነው።

የእኛ ሰው፣ እኔ እንደታዘብኩት፣ ቢሰድቡት ይረሳል፣ ቢመቱትም ይታረቃል። ስሙን ከዝርዝር ካወጡበት ግን ጉድ ፈላ። እስቲ አስቡት፤ ከእድር መዝገብ ላይ ስም የሚሰረዘው መቼ ነው? ወይ ሰውዬው ሲሞት፣ ወይ ሲባረር። ጋሽ ሙሉጌታ በሕይወት አሉ። ታዲያ ምን ቀረ?

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። አክስቴ እዚህ ጁባ ከተማ፣ ጀበል ሠፈር፣ ሆቴል አላት። ጋሽ ሙሉጌታ ደግሞ ጁባ ና ባሪ በሚባለው ሠፈር። የአክስቴን የመጨረሻ ልጅ ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። አንዱ ቤት ሲሞላ እንግዳው ወደ ሌላው ስለሚላክ፣ ኢንጂነር ዳዊት የሁለቱን ቤት ኮምፒውተሮች አገናኘ። (ጁባ ውስጥ ኬብል የነካ ሁሉ ኢንጂነር ነው።) እያንዳንዱ ቤት ሠራተኞቹ የተመዘገቡበት የራሱ መዝገብ አለው። በዳዊት ሙያ ይህ መዝገብ «ፎረስት» ይባላል፤ ደን መሆኑ ነው። ዳዊት ለአክስቴ፣ ሁለቱን ደኖች እንዲተማመኑ አደረግኳቸው ብሎ ሲያስረዳት ዘበኛችን ሰማ። ኢትዮጵያ ስደተኛ ሠፈር ያደገ ስለሆነ አማርኛ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ብዙ ዓመት ጫካ ከርሟል። ደን እንዲህ ቶሎ ሲተማመን አላየሁም ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ። ሳቅንበት።

ባዶ ክፍሎቻችን የሚታዩበት ፎልደር የሚከፈተው «እንግዳ ተቀባይ» ለሚባለው ግሩፕ አባላት ብቻ ነው። አባል ከሆንክ ታያለህ፤ ካልሆንክ በሩ ዝግ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ከሌላው መዝገብ ተጋብዘው የገቡ ብቸኛ አባል ነበሩ።

ዳዊት ለዕቃ ካምፓላ ሲሄድ ይህን ሁሉ ለእኔ አደራ አለኝ። የመረጠኝ እንግሊዝኛ ስለማነብና ዝም ስለምል ነው። ዝምታ ለካ እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠራል። የማታውቂውን አትንኪ ብሎኝም ነበር። የማላውቀውንማ መች ነካሁ? የነካሁት የማውቀው የመሰለኝን ነው።

ለፋሲካ ቤቱ ሁሉ ይጽዳ ተባለ። መጋረጃ ታጠበ፣ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። እኔም ድርሻዬን ልወጣ ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ግሩፑ ውስጥ ስሞች በሥርዓት ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ግን ስም የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚግተለተል ቁጥር ተጋድሟል። ቆሻሻ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አጠፋሁት። ዝርዝሩ አማረ። ለካ ያን ዕለት ጁባ ና ባሪ ጀነሬተር ጠፍቶ ነበር። የእኛ ማሽን የዚያን ቤት ሰው ስም የሚጽፈው ከዚያው ቤት ጠይቆ ነው፤ የሚመልስለት ሲያጣ ቁጥሩን ብቻ ያሳያል። ያ ቁጥር ጋሽ ሙሉጌታ ነበሩ።

እሳቸው ደግሞ ጀነሬተሩ ከተነሳ በኋላ፣ ቤታቸው ሞልቶ፣ ስድስት የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ከነሻንጣቸው ቆመውባቸው የእኛን ክፍሎች ለማየት ሲሞክሩ፣ አልተፈቀደልዎትም አላቸው። መጀመሪያ ማሽኑ ነው አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲላቸው፣ ዘነበች ናት አሉ።

አሁን እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ እንግዳ አልልክልሽም እያሉ ነው። ቀጥለውም፣ ልጁን ለፋሲካ እንዳትልኪብኝ አሉ። የክርስትና ልጅ ለፋሲካ ወደ ክርስትና አባቱ ካልሄደ ምኑን ዘመድ ሆኑት? የአክስቴ ዓይን እንባ ሞላ።

የለስላሳ አከፋፋያችን ሐጂ ኑሩ ሣጥን ሲያስወርዱ ጩኸቱን ሰምተው ገቡ። «ማፊ ሙሽኪላ» አሉ። ችግር የለም ማለት ነው፤ ጁባ ውስጥ የሚባለው ችግር ሲኖር ነው። ሁለቱንም አስቀመጡና ሻይ አዘዙ።

እኔ በዚህ መሃል ማንም ሳያየኝ ሰውየውን መልሼ ላስገባቸው ተነሳሁ። ፈሪ ጥፋቱን የሚያርመው በጓሮ በር ነው። ማሽኑ ግን የጓሮ በር የለውም። ይህ ሰው የሌላ መዝገብ ሰው ነው፤ እዚያ የሚታወቅ ሰው ስሙንና ፓስወርዱን ያስገባልኝ አለ። እዚያ የሚታወቀው ሰው ደግሞ ከፊቴ ተቀምጦ አክስቴን ይወቅሳል።

ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ጋሽ ሙሉጌታ፣ ያጠፋሁዎት እኔ ነኝ። ለፋሲካ ሳጸዳ ነው።»

«እኔን ነው ያጸዳሽኝ?» አሉ። ሐጂ ኑሩ ሳቃቸውን በሻይ ብርጭቆ ሸፈኑ። የጋሽ ሙሉጌታ ቁጣ ማረፊያ አጣ፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ ስንቱ ሊወርድ ይችላል? ወደ ጠረጴዛው መጡ፣ ኮፍያቸውን በኪቦርዱ ላይ እንደ ድንኳን ደፉና በአንድ ጣት ፓስወርዳቸውን ጻፉ። ስማቸው ከነአባታቸው ብቅ አለ። ደስ አላቸው። ደስ ሲላቸውም አክስቴን መምከር ጀመሩ፤ ዋናው ነገር መተማመን ነው፣ እኔ በአንቺ ላይ በር ዘግቼ አላውቅም አሉ።

ሐጂ ኑሩ፣ እርቅ ከሁለት ወገን ነው፤ በይ ልጄ፣ የእሳቸውንም ቤት ክፈቺና የዘነበችን ስም እንየው አሉኝ። ከፈትኩ። አልተፈቀደልዎትም። ደገምኩ። አልተፈቀደልዎትም። ውስጡን ገብቼ ሳየው፣ መተማመኑ የተሠራው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ የእኛ ቤት የእሳቸውን ያምናል፣ የእሳቸው ቤት የእኛን አያምንም። አክስቴ በይሉኝታ የእሳቸውን ክፍሎች ልያቸው ብላ ስለማታውቅ፣ ከእኛ ቤት ይህን ያወቀ አልነበረም። ዳዊት ከሥሩ ማስታወሻ ትቷል። ሐጂ ኑሩ አንብቢልን አሉኝ፤ አነበብኩ። «የዚያኛው ወገን፦ ጋሽ ሙሉጌታ ቆይ ብለዋል።»

የተጻፈው ካቻምና ነው።

አክስቴ ረጋ ብላ ሻይዋን አማሰለች። «ልጁን ለፋሲካ እልክልሃለሁ፣ አበልጄ» አለች፤ ከንፈሯ ላይ ሳቅ አለ። «ብቻ እሱንም ቆይ እንዳትለው።»

ጋሽ ሙሉጌታ ኮፍያቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱ፣ አራገፉ፣ ደፉ። ዘበኛችን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው፤ እሳቸውም ወጥተው ሄዱ።