ጓዳ የገባው ሰርቨር

የቪዲዮ ስብሰባን የፈለሰፈውን ሰው አላውቀውም፤ ላስታ አለመወለዱን ግን እምላለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ሲገባ ቤቱ ይነሳል። ታላቅ ገባ፣ ታናሽ ገባ፣ «ኖር!» ብለህ ከመቀመጫህ ብድግ ትላለህ፤ የገባውም «በእግዚአብሔር!» ብሎ ያስቀምጥሃል። ጉልበትህን ቢያምህ እንኳ፣ ቢያንስ ልትነሳ እንዳሰብክ ማስመሰል አለብህ። እስቲ አስበው፤ ሰው በየደቂቃው የሚወጣበትና የሚገባበት ስብሰባ ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ይሆናል? እኔ ይሆናል ብዬ ነበር። ሚስት ፈልጌ ነበራ!

ላሊበላ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የፈለግኋትን ሙሉን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ የማታውቋት እኔን እመኑኝ። አባቷ ጋሽ ደምሌ ዕድሜያቸውን በአስጎብኚነት የፈጁ፣ በዓይናቸው ያላዩትን የማያምኑ ሰው ናቸው። ያን ሰሞን አንድ የጋሸና ባለ አይሱዙ እሑድ ለሙሉ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሰማሁ። ከእሑድ ወዲያ ደግሞ ጾም ይገባል። ቅዳሜ ካልቀደምኩት አለቀልኝ ማለት ነው። የእኔ ሽማግሌዎች፣ ማለትም ያሳደገኝ አጎቴ አያ ሞላና የነፍስ አባታችን ቄሱ፣ ያሉት ኮን ከተማ ነው፤ ነዳጅ ጠፍቶ ከኮን የሚነሳ መኪና የለም። ለባለ አይሱዙው ነዳጁ ከየት እንደመጣለት አትጠይቁኝ። እኔም አልጠየቅሁም፣ ብቻ ተናድጃለሁ።

ስለ ጋብቻው እኔ ራሴ አፌን ከፍቼ መናገር ነውር ነው፤ ስለ ኮምፒውተር ግን ማን ይከለክለኛል? ጋሽ ደምሌ ዘንድ ሄድኩና የኮን ሰዎች በቪዲዮ ሊያነጋግሯቸው እንደሚፈልጉ ነገርኳቸው። ጉዳዩ ገብቷቸዋል፤ እንዳልገባቸው ሆነው አዳመጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ወሬው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?»

ባሕር ተሻግሮ፣ የሰው አገር ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ እንደሚመለስ እውነቱን ነገርኳቸው።

«የቤቴ ጉዳይ የማላውቀው ሰው ደጅ ረግጦ ሊመጣ? አይሆንም ልጄ። እዚሁ ዓይኔ ሥር ከሆነ ይሁን።»

ይኸውላችሁ፣ የራሴን ሰርቨር የተከልኩት ለቴክኖሎጂ ፍቅር አይደለም። ሰርቨር ማለት የስብሰባተኛውን ድምፅና መልክ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያደርስ ኮምፒውተር ነው፤ ሥራው የአማላጅ ነው። ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ረስቶት የሄደውን ሳይሆን የራሴን አሮጌ ኮምፒውተር አቧራውን አራግፌ ፕሮግራሙን ጫንኩበት። ፕሮግራሙ በነጻ ይገኛል፤ ትዕግሥቱ ነው በነጻ የማይገኘው። ድምፅ ሲመጣ ምስል ይጠፋል፣ ምስል ሲመጣ ድምፅ ይጠፋል፣ ሁለቱም ሲመጡ መብራት ይጠፋል። ዓርብ ዕለት ተሳካልኝና ተሸክሜ ወሰድኩት። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ ሳሎን አይሆንም ተባለ፤ ጓዳ አስቀመጥኩትና ሳሎን ካለው የኢንተርኔት ሳጥን ጋር በአንድ ረጅም ገመድ አገናኘሁት።

ሽማግሌ የላከ ሰው እዚያ ቤት አይታይም። ስለዚህ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ፣ ካሜራዬንና ድምፄን አጥፍቼ፣ ስሜን «ጥገና» ብዬ በድብቅ ስብሰባው ውስጥ ገባሁ።

ኮኖች ገቡ። ጋሽ ደምሌ ተነሱ፤ «ኖር!» ኮኖች «በእግዚአብሔር!» ብለው እነሱም በተራቸው ተነሱ። ሁሉም ሲቆም ስክሪኑ ላይ የቀረው ሆድና መቀነት ብቻ ነበር። ተቀመጡ። ቄሱ ምርቃት ጀመሩ፣ መስመሩ ተቋረጠ። ተመልሰው ገቡ፤ «ኖር!» አያ ሞላ «የመጣነው ለቁም ነገር ነው» ከማለታቸው ተቋረጠ። ገቡ፤ «ኖር!» እኔም አብሬያቸው እየተቋረጥሁ እገባ ስለነበር፣ «ጥገና» የሚለው ስም ብቅ ባለ ቁጥር ለእኔም ይነሱልኝ ጀመር።

«እኒህ ጥገና የሚባሉት የማን ወገን ናቸው? ቃል አልተነፈሱም እኮ» አሉ ቄሱ።

«ይተዉአቸው አባ፤ ደክሟቸው ይሆናል» አሉ አያ ሞላ፣ የራሳቸውን ጉልበት እያሹ።

እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ መስመሩን ረገምኩ፣ ገመዱን ረገምኩ፣ አይሱዙውንም አልማርኩት። በስንት መከራ አያ ሞላ ጥያቄውን ጨረሱት፤ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ጋሽ ደምሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህ እንግዲህ አባት «ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ጊዜ ተመለሱ» የሚልበት ቦታ ነው። በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ ያለ አባት ልጁን ያረከሰ ይመስላል። ሌላ ጊዜ ከተባለ ደግሞ እሑድ ይመጣል፤ ከእሑድ ጋር አይሱዙ።

«ወጉ ሽማግሌ ይመላለስ ነው» አሉ ጋሽ ደምሌ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «እናንተ ግን ስትወጡ ስትገቡ ዋላችሁ። ከዚህ በላይ ባመላልሳችሁ እግዜር ይታዘበኛል። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ኮኖች ተነሱ። እኔም ሱቄ ውስጥ ብድግ ስል መደርደሪያው ግንባሬን አቀመሰኝ።

ሰኞ ግንባሬ እንዳበጠ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ሙሉ የጓዳው በር አጠገብ ቆማለች።

«ጋሼ፣ መስመሩ እንዲያ ያዋረደን...»

«የምን መስመር?» አሉኝ። «ልጅ ስትጠየቅ ጓዳ ነው የምትቀመጥ። አንተ ደግሞ ያንን ማሽን ወስደህ አጠገቧ ጎለትከው። ገመዱ ወደ ጓዳ በተሳበ ቁጥር ሰዎቹ ሲጠፉ፣ ሲመለስ ሲመጡ እያየሁ ነው የዋልኩት። ማመላለሴ እንደማይቀር ታውቃለች፤ በአንድ ቀን አመላልሳ ጨረሰችልኝ። ታዲያ ከዚያ ወዲያ የማንን ፈቃድ ልጠይቅ?»

ሙሉ ጣራውን ትመረምር ነበር። እኔ ደስታው ከሐፍረቱ ተምታታብኝ፤ ባለሙያው እኔ፣ ሥራውን የሠራችው እሷ።

ከተጋባን ወዲህ ቤታችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ መሣሪያ አላነሳም። ቀጥ ብዬ ወደ ሙሉ እሄድና ምን አጠፋሁ ብዬ እጠይቃለሁ።