ውስጡን ሳያይ የሚገለብጥ ፕሮግራም

እኔ ቶሎ ያለቀ ሥራ አላምንም። የአራት ዓመት ልጄ «ታጥቤያለሁ» ብላ ስትሮጥ ይዤ ጆሮዋ ሥር አያለሁ። ሐኪም ገና ሳልቀመጥ መድኃኒት ከጻፈልኝ፣ ወረቀቱን ይዤ ሌላ ሐኪም ፍለጋ እዞራለሁ። ባለቤቴ «ጥርጣሬሽ በሬ ቢሆን ስንት ባረስንበት!» ይለኛል። ይበል። ልጅ የምታሳድጉ ግን ታውቁኛላችሁ።

ነገሩ የስልኬ ነው። ስልኬን ለባለቤቴ ወንድም ልሰጠው ቃል ገብቼ ነበር፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ፍላሽ ላይ ይገለበጥና ስልኩ ባዶ ይደረጋል። ፎቶው ቢጠፋ እንደ ምንም እችለዋለሁ። የማልችለው አንድ ነገር አለ፤ የሞተችው እናቴ ድምፅ። የተቀዳው በዚያ ስልክ ብቻ ነው።

ሞላሌ ያለው ስልክ ሠሪ አምና አንድ ጊዜ ገልብጦልኝ ነበር፤ መብራት እየሄደ እየመጣ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል። ዘንድሮ አዲሶቹን ፎቶዎች እንዲጨምርልኝ ልጄን ይዤ በገበያ ቀን ሄድኩ። ስልኩንና ያንኑ የአምናውን ፍላሽ ኮምፒዩተሩ ላይ ሰካ፣ አንድ ቦታ ነካ አደረገ፤ ልጄ ብስኩቷን ሳትጨርስ «አለቀ፣ እታለም» አለኝ።

አለቀ?

«አምና ግማሽ ቀን የፈጀው?»

«አምና የገለበጠውን አይደግመውማ። አዲስና የተለወጠውን ብቻ ነው የሚወስደው።»

«ያልተለወጠ መሆኑን በምን አወቀ?»

«በስሙ፣ በመጠኑ፣ በቀኑ።»

«ውስጡን ሳያይ?»

«ውስጡን ካየማ ምኑን ፈጠነ!» ብሎ ሳቀብኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የእኛ አገር በግ ጠጉሩ አታላይ ነው፤ ከላይ ስታዩት የደለበ፣ እጃችሁን ጀርባው ላይ ስታሳርፉ አጥንት። ሳይዳብስ የሚገዛ ሰው ገበያችን ውስጥ ከታየ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ሰክሯል። ይህ ፕሮግራም ታዲያ እንኳን ሊዳብስ፣ አጥሩን ዘሎ እንኳ አልገባም!

«እናቴን ክፈትልኝ» አልኩት። «ከስልኩ አይደለም፤ ከፍላሹ።»

ከፈተው። የሰከንዱ ቁጥር ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። ስፒከሩን ወቀሰ፣ ገመዱን ነቀነቀ። ከስልኩ ሲከፍተው እናቴ ተናገረች፤ ከፍላሹ ዝም። አምና መብራቱ ሲሄድ ስሙና መጠኑ ገብቶ ድምፁ ሳይገባ ቀርቷል። ልጄን ጭምቅ አድርጌ ያዝኳት። ስልኩ ባዶ ተደርጎ ቢሆንስ ኖሮ?

ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ለካ ፕሮግራሙ ሲታዘዝ የሁለቱንም ውስጥ ማመሳከር ይችላል፤ ጊዜ ስለሚፈጅ ነው የሚዘሉት። አሁን አዘዘው። ገበያው እስኪበተን ፈጀ፤ የልጄን የክርስትና ቪዲዮም እንደዚያው ባዶ ሆኖ አገኘው። ሁለቱንም እንደገና ገለበጠና እናቴን ከፍላሹ ከፈተልኝ።

«አንቺ! ይሄ ነገር የምናገረውን ይሰማል እንዴ? ዝጊው ብያለሁ!»

ያ ነው። ያ ብቻ ነው። ምርቃቷን ልቀዳ ብዬ ነበር መቅጃውን የከፈትኩት፤ ካልዘጋሽው አልመርቅሽም አለች፣ ዘጋሁትና መረቀችኝ። ምርቃቱ የትም የለም። ቁጣዋ አለልኝ።

«አሁን ስልኩን ባዶ ላድርገው?» አለ ሰውዬው።

«ቆይ» ብዬ ስልኩንም ፍላሹንም ጡቴ ሥር ወሽቄ ወጣሁ።

ማግስቱን የባለቤቴ ወንድም ወደ ባለቤቴ ስልክ ደወለ። «እስካሁን አላለቀም እንዴ?»

«ገና ነው» አልኩት። «ውስጡን እያየ ነው።»