በዘነበች ስም የሚከፈት በር

መርካቶ ውስጥ የሱቅ በር ገርበብ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? እንዳትሞክሩት! እኔ አንድ ቀን አቧራ ሸሽቼ ገርበብ ባደርግ፣ ጥሩ ጥሩውን ነጠላ ደብቃለች ተብሎ ሸማ ተራ በሙሉ ደጄ ላይ ቆመ። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ኢንተርኔት ላይ በር የገጠምኩት።

የልጅ ልጄ ሂሩት ብሎግ አላት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ሰው ያነባል። አፌ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ልጓም የለውም። አንድ ቀን የሱቅ ጎረቤቴን የዘነበችን ነገር አወራኋት። ዘነበች የጋቢዋን ሙቀት ለደንበኛ ላሳይ ብላ ተከናነበችው፤ ከዚያ እንቅልፍ ጭልጥ! ደንበኛው ቀስቅሶ ዋጋ ጠየቃት። ሂሩት ይህንኑ ጻፈችው።

የዘነበች ምራት አነበበችላት። ከዚያ ወዲያ ገበያተኛው ሁሉ "እትዬ፣ ያቺ የምታስተኛዋ ጋቢ አለች?" ይላት ጀመር። አኮረፈችኝ። እኛ እኮ ምሳ ለየብቻ በልተን አናውቅም! አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትበላለች። እኔም "ጉረሺ" የሚለኝ አጥቼ ምግቡ አልወርድ አለኝ።

ሂሩት የአባላት ክፍል እንክፈት አለች። የይለፍ ቃል የነገርነው ሰው ብቻ የሚገባበት ጓዳ ማለት ነው። "እማማ፣ የማትረሺውን ቃል ንገሪኝ" ስትለኝ ሳላስበው "ዘነበች" አልኩ። ሌላ ምን በአፌ አለ? ማንንም ላለማስቀየም ደግሞ ጓዳው ውስጥ የራሴን ጉድ ብቻ አወራሁ። ነጠላ ሻጭ ሆኜ ጥለቱን እንደ ለቀስተኛ ወደ ላይ አድርጌ ሠርግ ቤት መግባቴን፣ የሰው ጃንጥላ ይዤ ቤቴ ገብቼ "ጃንጥላዬን ሰረቁኝ!" ብዬ ሰፈር ማስነሳቴን፣ ስንቱን።

የተዘጋ ነገር አለ ከተባለ መርካቶ ማን ያርፋል? ፊት ለፊቴ ጋቢ የሚሸጠው ከድር መጣ። "እትዬ በላይነሽ፣ ያቺን የደበቋትን እኔን ይነፍጉኛል?" ጠዋት ማታ ሰላም የሚለኝን ሰው ምን ብዬ ልመልሰው? ጆሮው ሥር "ዘነበች" አልኩት። እሱ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለሶማሌ ተራ። ገበያው ሲንሾካሾክ ሰነበተ፦ ዘነበች፣ ዘነበች፣ ዘነበች።

እሷስ ጆሮ የላትም? አንድ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ከች አለች።

"በላይነሽ! ምን ብታወሪብኝ ነው ሰው ሁሉ ስሜን እየጠራ የሚስቀው?"

ይህችን ሴት አጣኋት አልኩ። ደግነቱ ሂሩት ሱቄ ነበረች፤ ስልኳን አውጥታ ጓዳ ያለውን በሙሉ አነበበችላት። ጃንጥላው ላይ ሲደርሱ ዘነበች በሩን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። ተመስገን፣ ታረቅን ብዬ የምሳ ዕቃዬን ልከፍት ስል ፊቷ ተለወጠ።

"እኔስ የታለሁ?"

"አንቺንማ ትቀየማለች ብዬ መች አነሳሁሽ።"

"በስሜ በሚከፈት ቤት ውስጥ እኔ የለሁም? የኔ ወሬ አይረባም ማለት ነው?"

እስቲ እናንተ ፍረዱ!

ምሳችንን አብረን በላን። ስታጎርሰኝ ልታንቀኝ ምንም አልቀራት። ከዚያ ለሂሩት የጋቢውን ነገር ራሷ እንደ አዲስ አጻፈች፤ ተኝታ ሳይሆን ዓይኗን ጨፍና ሙቀቱን ስትመረምር ነበር አሉ። ይህ ግን ውጭ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ላይ ይሁን አለች። ጓዳ የቀረው እንግዲህ የኔ ጉድ ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉንም ሁለቱ ሆነው ቀየሩት። አዲሱ ምንድን ነው ብዬ ዘነበችን ብጠይቃት፣ "ላንቺ? አንቺማ አፍሽ አያርፍም" አለችኝ።

ስለ እኔ ማንበብ የፈለጋችሁ እሷን ጠይቁ። ከነገረቻችሁ ለኔም ሹክ በሉኝ።