ሽቦውን አትንካ

(ጄኔቫ፣ ሐይቅ ዳር። ጡረተኛው አስፋው በአሮጌ ካምፒንግ ካሩ፣ አልጋና ማብሰያ ባለው መኪናው፣ ጣሪያ ላይ ቆሞ ረጅም የአንቴና ዘንግ አቅፏል። ከዙሪክ የመጣው ጓደኛው ታዲዮስ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል። በመስኮት ይነጋገራሉ።)

አስፋው፦ ሽሮ ሜዳ ሳለሁ የሰፈሩን አንቴና በሙሉ ያቆምኩት እኔ ነኝ። አንተ ነህ የምታስተምረኝ?

ታዲዮስ፦ ኧረ አላስተማርኩም። ይሄ ሽቦ ግን...

አስፋው፦ ሽቦውን አትንካ። ስክሪኑን እያየህ መጣ፣ ሄደ በል። ሌላ ሥራ የለህም።

(ዘንጉን ያዞራል።)

አስፋው፦ አሁንስ?

ታዲዮስ፦ ጥቁር ነው።

አስፋው፦ ምን ዓይነት ጥቁር? ነጠብጣብ አለው?

ታዲዮስ፦ የለውም። ዝም ያለ ጥቁር። ወዴት ነው ያዞርከው?

አስፋው፦ ወደ ዙሪክ ነዋ። ትልልቁ ነገር ሁሉ እዚያ አይደል?

ታዲዮስ፦ ስዊሶቹ እኮ በአንቴና ማስተላለፍ ካቆሙ ዓመታት ሆናቸው። ሩጫው ደግሞ ፈረንሳይ፣ አኔሲ ከተማ ነው፤ የሚያሳየውም የፈረንሳይ ቻናል ነው። የፈረንሳይ ተራራ ይኸው በመስኮት ይታያል።

አስፋው፦ ታዲ፣ ልጄ ልትሮጥ አሥር ደቂቃ ቀርቷታል። ጂኦግራፊውን ለሌላ ቀን አቆየው።

ታዲዮስ፦ በስልክም ብሞክር ከፈረንሳይ ውጭ አይታይም አለኝ። እዚያው ሄደህ ብታያት አይሻልም ነበር? አንድ ሰዓት አይሞላም እኮ።

አስፋው፦ ከልክላኛለች።

ታዲዮስ፦ ሶሊያና?

አስፋው፦ ባለፈው አሰልጣኟን ትንሽ ስላረምኩት። «አባዬ፣ በቴሌቪዥን እየኝ» አለች። አለዚያ በዚህ ዕድሜዬ ጣሪያ ላይ ምን እሠራለሁ።

ታዲዮስ፦ እሺ፣ ይቺ ከመኪናው ጋር የመጣችው ጠፍጣፋ አንቴናስ?

አስፋው፦ እሷ መጫወቻ ናት። ከፈለግህ ተጫወትባት፤ ሽቦዬን ብቻ አትንካ።

(ታዲዮስ ትንሿን አንቴና አንስቶ ተራራው ወደሚታይበት መስኮት ይሄዳል። ተመልሶ ሪሞቱን ይጫናል።)

አስፋው፦ አሁንስ?

ታዲዮስ፦ መጣ።

አስፋው፦ እውነትህን ነው?

ታዲዮስ፦ ጥርት ብሎ። ሶሊያና ይቻትና። ና ውረድ፣ ሊጀመር ነው።

አስፋው፦ አብደሃል? ከለቀቅሁት ይሄዳል። ሽሮ ሜዳም እንዲሁ ነበር፤ ሰፈሩ ያያል፣ እኔ እይዛለሁ።

ታዲዮስ፦ አስፋው፣ ሽቦው እኮ...

አስፋው፦ ሽቦ ሽቦ አትበልብኝ። ተጀመረ?

(አርባ ደቂቃ ያልፋል። ፀሐዩ በርትቷል። አስፋው ዘንጉን እንዳቀፈ ላቡን በትከሻው ይጠርጋል።)

ታዲዮስ፦ ሁለተኛ ናት። ሊያልቅ ነው፣ ውረድ በናትህ።

አስፋው፦ አልለቅም። አንተ እያየሃት ነው አይደል?

ታዲዮስ፦ ገባች። ሁለተኛ ወጣች። ማይክ ሰጧት... «አባቴ እያየኝ ነው» አለች።

አስፋው፦ አየህ? እኔ ባልይዘው ኖሮ ይሄ ሁሉ ይቀርብን ነበር።

(ወርዶ ይገባል። የሽቦው ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።)

አስፋው፦ ማነው የነቀለው?

ታዲዮስ፦ መች ተሰካና። አጥሮ ቴሌቪዥኑ ጋ አልደረሰም። ልነግርህ ስል አትንካ አልከኝ፤ አልነካሁትም። በመጫወቻዋ ነው ያየሁት።

(አስፋው መስኮቱ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ አንቴና ያያል። ስልኩ ይጠራል።)

አስፋው፦ ሃሎ፣ የኔ ልጅ። አዎ... እንዴታ፣ አንድም ሳያመልጠኝ። ማሊያሽን? (ስልኩን በእጁ ሸፍኖ፣ ቀስ ብሎ) ታዲዬ፣ ማሊያዋ ምን ዓይነት ነበር?