የደረጃው ሹራብ

የልጅዎን መዋያ የሚመርጡት ለልጁ ነው ወይስ ለጎረቤት? እኔ ለሁለቱም መርጫለሁ፤ ለልጄ እማማ ዘነበችን፣ ለጎረቤት ደግሞ ሹራብ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ስምዎን ሳይጠይቅ «ልጅዎ የት ነው የሚማረው?» ይልዎታል። የኔ የሦስት ዓመት ልጅ የሰፈሩን ሕፃናት በሚጠብቁት በእማማ ዘነበች ግቢ ይውላል። እዚያ ጭቃ ያቦካል፣ ይዘፍናል፣ ጠግቦ ይተኛል። ይህ በሕንፃው ደረጃ ላይ ለጎረቤት ይወራል እንዴ? ስለዚህ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያስተምረውን መዋለ ሕፃናት ቀይ የደንብ ሹራብ አሠራሁለት። ጠዋት ለብሶት ደረጃውን ይወርዳል፤ ከሰፈሩ ሱቅ ጀርባ አወልቅለትና እማማ ዘንድ አደርሰዋለሁ። «ደረጃ ላይ ስለ እማማ እንዳታወራ!» ብዬዋለሁ።

ትናንት አርፍጄ ልጄን ይዤ ከሱቁ ጀርባ ስደርስ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የራሱን ልጅ ቀይ ሹራብ ያወልቃል። ስለ እንግሊዝኛ አስተማሪዎቹ ጉብዝና ሲያወጋኝ የከረመው ጎረቤቴ መኮንን ነው!

«ዛሬ ሞቀ አይደል?» አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

«በጣም!» አልኩት፣ በኅዳር ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ።

ልጆቹ ግን ተቃቅፈው ይስቃሉ። ለካ እማማ ግቢ አብረው ነው የሚውሉት!

«ታዲያ ጓደኛህን ደረጃ ላይ ስታገኘው ለምን ሰላም አትለውም?» አልኩት ልጄን።

«ሹራቡን ስለብስ አላውቀውማ» አለኝ።