ፈረሰኛው ቢመጣስ?

በየሰፈሩ አንድ «ቢመጣስ?» የሚል ሰው አለ። እኛ ሰፈር የለም የሚል ካለ አጣርቶ አልፈለገም ማለት ነው። ሰማዩ እንደተወለወለ ሳህን ጠርቶ ሳለ ጃንጥላ አንጠልጥሎ የሚወጣው፣ አዳራሽ ሲገባ ከሰው ሰላምታ በፊት የመውጫውን በር የሚፈልገው፣ ስልኩ ሲጠራ «ሃሎ» በማለት ፈንታ «ማን ሞተ?» ብሎ የሚያነሳው ሰው። ታዲያ ዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ የሚመልስለት አንድ ዓይነት ነው፤ «ኧረ አይመጣም!»

የኛ ሰፈሩ ክቡርነታቸው ቁልፍ ሠሪው ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ነበራቸው፤ ሰፈሩ ያወጣላቸው ግን በለጠና ጋሽ ቢመጣስ ሆነው ቀሩ። ቁልፍ ሠሪነታቸውም የአጋጣሚ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሌባ ይመጣል ብሎ ከአንጀቱ የማያምን ሰው ደህና ቁልፍ አይወጣውም። ማታ ሱቃቸውን ቆልፈው ጥቂት ይሄዱና ተመልሰው ጓጉንቸሩን ይስቡታል። ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይስቡታል። «ይኼን ጓጉንቸር ሌባ አይደለም የሚገነጥለው፤ አንተ ነህ» ትላቸዋለች ባለቤታቸው።

እኚህ ሰው እሑድ እሑድ ከሰዓት ጌም ቤት ይውላሉ ቢባል ማን ያምናል? ጎትቶ ያስገባቸው የሚስታቸው ወንድም ነው፤ የታክሲ ረዳት፣ ፍርሃት የሚባል ነገር ሲታደል በበር ተንጠልጥሎ ያለፈ ሰው። ጨዋታው በኮምፒውተር የሚካሄድ የጥንት ጦርነት ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ አንድ ጦር ያዛል፤ ከወዲያ ደግሞ ሌሎች ሁለት። የዚያ ዘመን ጠመንጃ ባሩድ በአፉ የሚጎርስ ነበርና፣ አንዴ ተተኩሶ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ከዱላ አይሻልም። በዚያች መሐል ፈረሰኛ ከደረሰ ባለጠመንጃው አለቀለት። ስለዚህ ባለጦር ያስፈልጋል፤ ረጅም ጦሩን ቀስሮ የሚቆም፣ ፈረስ የማይደፍረው አጥር። ባለጦር ብቻውን ከሆነ ደግሞ ከሩቅ በጥይት ይለቀማል። አንዱ ያላንዱ ዋጋ የለውም።

ባለጠመንጃዎቹን ረዳቱ ወሰደ፣ ባለጦሮቹን ክቡርነታቸው። ያን ቀን ጋሽ ቢመጣስ የተፈጠሩለትን ሥራ አገኙ። የባለጦር ሥራ ምንድነው? ቆሞ ፈረሰኛ መፍራት! ዕድሜ ልካቸውን በነፃ ሲፈሩ የኖሩ ሰው፣ ፍርሃታቸው ማዕረግ ተሰጠው። «ቢመጣስ?» ሲሉ «አይመጣም» የማይባሉበት ብቸኛ ቦታ ያ ወንበር ሆነ።

ችግሩ መሸነፋቸው ነው። ያውም ሁልጊዜ፣ ያውም በአንድ ዓይነት መንገድ። የባላጋራቸው የፀጉር አስተካካዩ ፈረሰኞች በጦሩና በጠመንጃው መሐል ሰተት ብለው ይገባሉ። «ጋሼ፣ ቁልፍ ሠሪ ሆነው በር ከፍተው ይተኛሉ?» ይላል ፀጉር አስተካካዩ፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

ባለፈው እሑድ ግን ቀልዱ ቀረና ፀጉር አስተካካዩ ወደ ረዳቱ ዞረ። «አብሮኝ የሚጫወተው ጓደኛዬ ሥራ ቀይሮ ሊሄድ ነው። ሳምንት ከተሸነፋችሁ፣ ከዚያ በኋላ ከኔ ጋ ትቀመጣለህ።»

«እናያለን» አለ ረዳቱ።

እናያለን! ክቡርነታቸው ሳምንቱን ሙሉ ይችን ቃል እንደተሰበረ ቁልፍ ሲያገላብጧት ከረሙ። ምሳ ላይ ባለቤታቸውን ያዟት።

«ወንድምሽ እናያለን ሲል ምን ማለቱ ነው?»

«እናያለን ማለቱ ነዋ።»

«ካየ በኋላስ?»

እሑድ ደረሰ። ከሁሉም ቀድመው ገቡ፤ ሽቦውን ነካኩ፣ ማውዙን ሞከሩ፣ ጃንጥላቸውን ከወንበሩ ሥር አስተኙ። ረዳቱ መጥቶ ሲቀመጥ ፊቱን ሰረቅ አድርገው አዩት። ምንም አይነበብበትም። ጨዋታው ተጀመረ።

«ቢመጣስ?» አሉ።

«የታለ?»

«ቢመጣስ ነው ያልኩህ!»

ከኮረብታው ጀርባ አቧራ ብድግ አለ።

«መጣ! ጠጋ በል! ጠጋ በል አንተ ልጅ!»

ረዳቱ ባለጠመንጃዎቹን ሰብስቦ እልም ወዳለው ዳር ወሰዳቸው። በመሐል እንደ አደባባይ ሰፊ ቦታ ተከፈተ። ፈረሰኛው ገባ፤ ግማሹ ሠራዊት ረገፈ።

«ጠጋ በል ስልህ የት ነው የምትሸሸው?»

«ጠጋ አልኩ እኮ!»

«ከኔ ርቀህ?»

«ጋሼ፣ ጠጋ በል ማለት ለሰው ቦታ ልቀቅ ማለት ነው! ቀኑን ሙሉ ስጮኸው የምውለውን ቃል እርስዎ ያስተምሩኛል?»

ለካ እስከ ዛሬ አንዱ «ወደኔ ና» እያለ ሲጮህ፣ ሌላው ለፈረሰኛው መቀመጫ ሲለቅለት ነው የኖረው! ፀጉር አስተካካዩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኔ እኮ እንግዳ ተቀባዮች ናችሁ ብዬ ነው!»

ፈረሶቹ ወደ ኮረብታው ተመልሰው እየዞሩ ነበር። ክቡርነታቸው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

«ቶሎ በል። ሰው እንዲገባልህ ስትፈልግ ምን ትላለህ?»

«ግቡ፣ ግቡ፣ ከኋላ ባዶ ነው!»

«ሲበቃህስ?»

«ሞልቷል!»

«እንዲነዳስ?»

«ሳበው!»

ፈረሰኛው መጣ። ረዳቱ አንዴ አስተኮሰ፤ ጭሱ ሳይጠራ ጋሽ ቢመጣስ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ሰፈሩ ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ ጮኹ፤ «ግቡ፣ ግቡ፣ ከኋላ ባዶ ነው!» ባለጠመንጃዎቹ እየተጋፉ ከጦሩ ጀርባ ገቡ። «ሞልቷል!» ጦሩ ሁሉ ተቀሰረ። ፈረሶቹ አጥሩ ጋ ሲደርሱ አፍንጫቸውን እየነፉ ቆሙ፤ ጠመንጃው ከኋላ ተረጋግቶ ጎረሰ። «ሳበው!» ባለጦሮቹ በርከክ አሉ፤ ጠመንጃው በአናታቸው ላይ አስገመገመ።

ሁለት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ከወንበሩ ጀርባ የቆምነው ሁሉ አብረን «ሞልቷል!» እያልን ነበር። ኮረብታው በነጋሽ ቢመጣስ እጅ ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ማውዙን ገፋ አደረገው።

ጋሽ ቢመጣስ ለመደሰት አፋቸውን ሲከፍቱ ፀጉር አስተካካዩ የረዳቱን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አተኳኮስህ ግሩም ነው! ማሸነፋችሁን ተወው፣ ሳምንት ከኔ ጋ ነህ።»

ክቡርነታቸው አፋቸውን ገጠሙ። ሲሸነፉ እንዳይሄድባቸው ነበር የፈሩት፤ ሲያሸንፉ እንደሚፈለግባቸው አላሰቡም። ማሸነፍም እንዲህ ያስፈራል?

ረዳቱ ጃኬቱን እየለበሰ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ መለሰ።

«ሞልቷል።»

ከጌም ቤቱ ስንወጣ ሰማዩ ተቀዶ ጠበቀን። ቅድም ጃንጥላቸው ላይ የቀለድነው ሁሉ በሩ ላይ ተኮልኩለን ቀረን፤ ሁለቱ ብቻ ወጡ። ጃንጥላዋ ግን ለሁለት ጠባብ ናት፤ ረዳቱ ግማሽ ጎናቸው ውጪ መሆኑን አየ።

«ጋሼ፣ ጠጋ በሉ እንጂ!»

አዲሱን ቋንቋ በሚገባ አጥንተዋልና፣ ክቡርነታቸው ፈጥነው ቦታ ለቀቁ፤ ከገዛ ጃንጥላቸው ወጥተው ዝናቡ ውስጥ። እጃቸው ግን ተዘርግቶ ጃንጥላዋን ከረዳቱ አናት በላይ እንደያዘ ነው።

«ወደኔ! ወደኔ ነው ያልኩት!»

አልሰሙትም። ጠብታ ነክቷቸው የማያውቅ ሰው፣ ውሃው በአንገታቸው እየገባ ሌላ ሐሳብ ይዟቸዋል።

«ያ ፀጉር አስተካካይ ሳምንት ፈረሰኛውን ለሁለት ከፍሎ ቢመጣስ?»

በሩ ላይ ያለነው ሁላችን «አይመጣም» ልንል አፋችንን አዘጋጀን። ረዳቱ ግን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ራሱ ሳባቸው።

«ይምጣዋ! እርስዎ እያሉ!»