የጋሼ ሄራሞና የከድር ውሃ ልክ

ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ከመካከላቸው አንዱ ዋሽቷል ብሎ መነሳት የሁላችንም አመል ነው። እኔም ያው ነኝ፤ ከእናንተ አልሻልም። ሁለቱም ያዩትን ተናግረው፣ ሁለቱም ተሳስተው፣ ወዳጅነታቸው ድራሹ ጠፋ ቢባል ማን ያምናል? በጃንሆይ ጊዜ፣ ሆሳዕና ገበያ አጠገብ በነበረ አንድ ወፍጮ ቤት የሆነው ግን ይኸው ነው።

ወፍጮው የሁለት ወዳጆች ነበር። ጋሼ ሄራሞ እህል ይቀበላሉ፤ ረጋ ያሉ፣ እሑድ ከጸሎት ቤት የማይቀሩ ሰው። ከድር በዕድሜ ያንሳቸዋል፤ ሾፌርነቱን ትቶ ሞተሩን የያዘ፣ ሳቁ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ። ሞተሩን ከወፍጮው ድንጋይ ጋር የሚያገናኘው ረጅም የብረት ዘንግ በሁለት ኩሽኔታ ላይ ተኝቶ ይዞራል። ዘንጉ ካዘነበለ ኩሽኔታው ይቃጠላል፤ ወፍጮው ይቆማል፤ የሁለት ቤት ጉሮሮም ይዘጋል። ስለዚህ አንዲት የመካኒክ ውሃ ልክ ነበረቻቸው። የግንበኛው ዓይነት እንዳትመስላችሁ! ይቺ በመስታወቷ ውስጥ ባለች አረፋ የፀጉር ያህል ዝንባሌ የምታጋልጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ የምትቀመጥ እመቤት ናት። ጎኗ ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ አለባት።

ጣጣው የመጣው በዚያ ጽሑፍ ነው። ሁለቱም ፊደል የቆጠሩት ጎልምሰው ነው፤ ጎልምሶ ለተማረ ሰው ደግሞ ጽሑፍ ገልብጦ ይዞ ከመታየት ሞት ይሻላል፤ ጽሑፉ የማያነበው የፈረንጅ ቢሆንም እንኳ። ጋሼ ሄራሞ ከዘንጉ ወዲህ፣ በእህሉ በኩል ቆመው፣ ጽሑፉን ወደ ራሳቸው አዙረው ይለካሉ። ከድር ከዘንጉ ወዲያ፣ በሞተሩ በኩል ቆሞ፣ እሱም ወደ ራሱ አዙሮ ይለካል።

አንድ ቀን ጋሼ ሄራሞ ቢለኩ አረፋዋ ወደ ገበያው በኩል ሸሸች። አረፋ የምትሸሸው ከፍ ወዳለው ጫፍ ነው፤ ስለዚህ በሌላው ጫፍ፣ በወንዙ በኩል፣ ስስ ላሜራ ሸጎጡና ዘንጉን ከፍ አደረጉት። በማግስቱ ከድር በራሱ በኩል ለካ። አረፋዋ ወደ ወንዙ በኩል፣ ያውም ጥግ ድረስ ሸሸች! ላሜራውን አወጣና በገበያው በኩል ሸጎጠው። እሳቸው ነቅለው ወደ ወንዙ በኩል መለሱት። ዞሮ በወዳጅ ቦታ ቆሞ መለካትማ እንዴት ተደርጎ? «አላምንህም» ማለት አይደል! ይሉኝታ ይዟቸው በየበኩላቸው ቆመው ቀሩ። በዚህ መሀል ኩሽኔታው ተቃጠለ።

«በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ወደ ገበያው ነው የሸሸችው። አትዋሽ!» አሉ ጋሼ ሄራሞ።

«እኔስ በምኔ አየሁ፣ ጋሼ? ወላሂ ወደ ወንዙ ነው!»

ሽማግሌ ተቀመጠ። አንዱ ዋሽቷል ተባለ፤ የትኛው እንደሆነ ግን ሊታወቅ አልቻለም። ወፍጮው ለጋሼ ሄራሞ ቀረ፤ ከድር ጓዙን ጭኖ ሆመቾ ገባ። ውሃ ልኳን ሁለቱም ዓይኗን ማየት ስላልፈለጉ፣ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበርኩና ለእኔ ሰጡኝ።

በክረምቱ አዲስ አበባ ለኮርስ ሄጄ፣ ውሃ ልክ ራሷ እንደምትፈተሽ ተማርኩ። አትሳቁ፤ ቀላል ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ታያላችሁ፤ እዚያው ቦታ ላይ ጫፍና ጫፏን አዟዙራችሁ ደግማችሁ ታያላችሁ። አረፋዋ ቦታ ከለወጠች፣ የልዩነቱ ግማሽ የራሷ ጥፋት ነው፤ እሱን ብቻ በብሎኗ ታስተካክላላችሁ። የቀረው ግማሽ የጠረጴዛው ነው። ሆሳዕና ተመልሼ ብሞክር አረፋዋ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ክው አልኩ። ለካስ ዘንጉም ደህና ነበር፣ ሰዎቹም እውነተኞች ነበሩ! ጽሑፉን ወደየራሳቸው ባዞሩ ቁጥር ጫፎቿን እያቀያየሩ፣ እነሱ ሳያውቁት ውሃ ልኳን በሁለት ወገን ፈትሸዋታል፤ የሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ነው የጠፋው።

በካቻቢቴ ቶሎ አስተካከልኳትና ሆመቾ ሄድኩ። ከድር ራሱ አዟዙሮ አየ፤ ሳቀ፤ ከዚያ ውሃ ልኳን መለሰልኝ። «መምህር፣ እሳቸው ታላቄ ናቸው። ሳይጠሩኝ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለኝ። ጋሼ ሄራሞ ደግሞ ነገሩን ሰምተው አቀረቀሩ። «ሰው ፊት ውሸታም ያልኩትን ሰው እንዴት አድርጌ ና ልበለው? ከመጣ ደጄ ክፍት ነው» አሉ። አሁንም ይሉኝታ! እኔ በመሀል ስመላለስ ጋሼ ሄራሞ ታመው አረፉ።

ከድር ለልቅሶ መጣ። ጥቂት እንደተቀመጠ ውሃ ልኳን አምጣ አለኝና ወፍጮ ቤቱ ገባን። ከዘንጉ ወዲህ፣ በእህሉ በኩል፣ ጋሼ ሄራሞ ይቆሙበት በነበረው ቦታ ቆመ፤ እዚያ ሲቆም የመጀመሪያው ነው። ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ።

«ላሜራ የለም። ጋሼ አውጥተውታል» አለኝ።

ለእኔ ትንፍሽ አላሉም ነበር። ውሃ ልኳን አስቀመጠ፤ አረፋዋ መሀል ላይ ቆመች። ከድር ቀና ብሎ ከዘንጉ ማዶ ያለውን የራሱን ባዶ ቦታ አየ። ያ ከሞተር በላይ ይሰማ የነበረ ድምፁ ሰለለ።

«አሁን ተስማማን፣ ጋሼ» አለ።